ከውኃ የሚወለድ ነበልባል፤ የአሴቲሊን ጋዝ ጠባይና የመርካቶ በያጅ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ውኃ እሳትን ያጠፋል እንጂ እሳትን አይወልድም። ይህ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው የዘመናት ልምድ ነው። በአነስተኛ የብየዳ ቤቶች ውስጥ የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሠራተኛው ግራጫ ድንጋይ የሚመስል ነገር ከጣሳ አውጥቶ ውኃ ወዳለበት በርሜል ይጨምራል፤ ውኃው ይንተከተካል፤ ከዚያም በጎማ ቱቦ ተጉዞ የመጣው ጋዝ ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ ሲለኮስ ብረትን እንደ ሰም የሚያቀልጥ ነበልባል ይሆናል። ድንጋይ መሳዩ ካልሲየም ካርባይድ፣ ጋዙም አሴቲሊን ይባላል።

የዚህ ንግግር ዓላማ የአሴቲሊንን አካላዊና ኬሚካዊ ጠባያት መዘርዘር ብቻ አይደለም። ጠባያቱማ በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛሉ። ዓላማው እነዚህ ጠባያት በአንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ፣ ትምህርቱን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጁ ባገኘ ሠራተኛ ዘንድ ምን ትርጉም እንዳላቸው መመርመር ነው። በመጽሐፉና በበርሜሉ መካከል ያለው ርቀት የሰው ዐይን፣ የሰው እጅ፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ርቀት ነውና።

፩. ቦታውና ሥራው

እንደሚታወቀው መርካቶ የሚለው ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ገበያ ማለት ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የአራዳ ገበያ በጊዮርጊስ አካባቢ ከነበረበት ስፍራ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በመደረጉ የዛሬው የአዲስ ከተማ ገበያ መሠረት ተጣለ። ከነጻነት በኋላ ገበያው እየሰፋ፣ ዕቃው በየዓይነቱ እየተለየ፣ እያንዳንዱም ዓይነት በየራሱ ተራ እየተሰየመ ዛሬ ከምናውቀው ደረጃ ደረሰ።

ከነዚህ ተራዎች አንዱ ምናለሽ ተራ ነው። በከተማው መንደሮች ሁሉ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው የሰበሰበው ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ ብረትና በርሜል በመጨረሻ የሚደርሰው ወደዚህ ነው። እዚህም ያረጀው ዕቃ አዲስ ዕቃ ይሆናል። የዘይት በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ይቀጠቀጣል፤ ጎማው ጫማ ይሆናል፤ ብረቱም ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ ተቀጥቅጦ ወደ አገልግሎት ይመለሳል። ከባሕር ማዶ በውድ የሚገባ ብረት ሳይባክን የሚቀረው በነዚህ ሰዎች ድካም ነው። ስለዚህ በሥራቸው ላይ ያለው አደጋ የእነርሱ ብቻ ሳይሆን ከሥራቸው የሚጠቀመው ሁሉ ጉዳይ ነው።

ብረት ለመቁረጥና ለመበየድ ሁለት መንገዶች አሉ፤ እነርሱም የኤሌክትሪክና የጋዝ ናቸው። የጋዙ መንገድ መብራት በሌለበት ይሠራል፤ ስሱን ቆርቆሮ ሳይበሳ ይበይዳል፤ ወፍራሙን ብረት ይቆርጣል። ጋዙም በሁለት መልክ ይገኛል፤ በፋብሪካ ተሞልቶ በሲሊንደር የሚመጣ፣ ወይም በቦታው ከካርባይድና ከውኃ የሚመረት ነው። ሲሊንደሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ካርባይድ ግን በኪሎ ስለሚሸጥ የዕለቱን ሥራ ያህል ብቻ ገዝቶ መሥራት ይቻላል። እንግዲህ የድሀ በያጅ ምርጫ ከድንቁርና የመጣ አይደለም፤ ከኪስ የመጣ ነው። ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ሁሉ ይህን አስቀድሞ ሊገነዘበው ይገባል።

፪. የጋዙ ታሪክ በአጭሩ

አሴቲሊንን መጀመሪያ ያገኘው እንግሊዛዊው ኬሚስት ኤድመንድ ዴቪ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1836 ነበር። ፖታሲየም ለማውጣት ሲሞክር ያገኘው ጥቁር ዝቃጭ ውኃ ሲነካው ደማቅ ብርሃን የሚሰጥ ጋዝ እንደሚወጣው አስተዋለ። ለጋዙ አሴቲሊን የሚለውን ስም የሰጠው ፈረንሳዊው ማርሴላን ቤርቴሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር ካልሲየም ካርባይድን ሠርቶ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ይህንኑ ጋዝ እንደሚሰጥ አሳየ።

ግኝቱ ከቤተ ሙከራ ወደ ገበያ የወጣው ግን ከ30 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ካናዳዊው ቶማስ ዊልሰን በአሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሌላ ነገር ሲሞክር ሳለ ኖራና ከሰል በከፍተኛ ሙቀት ተዋሕደው ካርባይድ ሆኑለት። እ.ኤ.አ. በ1895 ፈረንሳዊው ሄንሪ ለ ሻተልዬ አሴቲሊን በንጹሕ ኦክስጅን ሲነድ ከሌሎች ነበልባሎች ሁሉ የበለጠ ሙቀት እንደሚሰጥ ገለጸ። የጋዝ ብየዳ ሙያም በዚህ ዕውቀት ላይ ተመሠረተ።

ጋዙ ብርሃንን የሰጠውን ያህል ብርሃንን ነስቷል። ስዊድናዊው መሐንዲስ ጉስታፍ ዳሌን አሴቲሊን ያለ አደጋ በሲሊንደር እንዲጠራቀም ያደረገውን ቀዳዳማ መሙያ በማሻሻል ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1912 ለመርከብ ማማ መብራቶች በሠራው ራሱን በራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያ የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት በአሴቲሊን ሲሊንደሮች ላይ ሙከራ ሲያደርግ በደረሰ ፍንዳታ ሁለት ዐይኖቹን አጣ። ጋዙን ከማንም በላይ ያውቀው የነበረ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ሌላው ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባው መገመት አያዳግትም።

፫. አካላዊ ጠባያት

የአሴቲሊን ሞለኪውል ሁለት የካርቦንና ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች አሉት። ጋዙ ቀለም የለውም። ንጹሑ አሴቲሊን ደካማ ሽታ ብቻ ያለው ሲሆን ከካርባይድ የሚወጣው ግን ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ አለው። ይህ ሽታ የጋዙ የራሱ አይደለም፤ በካርባይዱ ውስጥ ካለው ቆሻሻ የሚወጣ የፎስፊን ጋዝ ነው። ፎስፊን መርዝ ነው። ሆኖም ሽታው የመንደር ጠባቂ ሆኖ የሚያገለግል በመሆኑ፣ የካርባይድ ሽታ በሸተተበት ቤት ክብሪት መጫር ወይም መብራት ማብራት ፈጽሞ አይገባም።

አሴቲሊን ከአየር በጥቂቱ ይቀላል፤ ክብደቱ የአየርን ዘጠኝ ዐሥረኛ ያህል ነው። በዚህ ረገድ ከማእድ ቤቱ ቡታጋዝ ይለያል። ፕሮፔንና ቡቴን ከአየር የከበዱ ስለሆኑ ወለል ለወለል ይሄዳሉ፤ በጉድጓድና በቦይ ይተኛሉ። አሴቲሊን ግን ወደ ላይ ይወጣና በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ይከማቻል። ስለሆነም ለቡታጋዝ የአየር መውጫ ከታች እንደሚያስፈልግ ሁሉ ለአሴቲሊን ከላይ ያስፈልጋል። በሩን ብቻ ከፍቶ የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ጋዝ አላስወጣም።

ሌላው ጠባይ ስለ ማከማቸት ነው። ፕሮፔንና ቡቴን በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ሆነው በሲሊንደር ይቀመጣሉ። አሴቲሊን ግን፣ ከዚህ በታች በሚገለጸው ምክንያት፣ በባዶ ዕቃ ውስጥ ሊታመቅ አይችልም። ስለዚህ የአሴቲሊን ሲሊንደር ባዶ ቧንቧ አይደለም። ውስጡ ሰፍነግ በመሰለ ቀዳዳማ ነገር ተሞልቷል፤ ቀዳዳማው ነገርም አሴቶን ጠጥቷል፤ ጋዙም በአሴቶኑ ውስጥ ሟሙቶ ይኖራል። በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በተራ የአየር ግፊት 1 ሊትር አሴቶን ወደ 25 ሊትር ያህል አሴቲሊን ያሟማል፤ ግፊቱ ሲጨምርም የሚሟማው መጠን አብሮ ይጨምራል። ሲሊንደሩ ተጋድሞ ከተሠራበት አሴቶኑ ከጋዙ ጋር ይወጣል፤ ጋዙም መጠጊያ ያጣል። ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት የሚባለው ትእዛዝ ምክንያቱ ይኸው ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ሠራተኛ ትእዛዙን እንደ ከንቱ ጥንቃቄ ቢቆጥረው አያስደንቅም።

፬. ኬሚካዊ ጠባያት

የጋዙን ጠባይ የሚወስነው በሁለቱ የካርቦን አቶሞች መካከል ያለው ሦስትዮሽ ቦንድ ነው። አሴቲሊን ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ሲሠራ ኃይል ይውጣል እንጂ አይሰጥም። ለእያንዳንዱ ሞል 227 ኪሎጁል ያህል ኃይል በውስጡ ተቀብሮ ይቀራል። ጋዙ እንደ ተሳበ ቀስት ነው ማለት ይቻላል፤ ገመዱ ከተለቀቀ የተቀበረው ኃይል ይወጣል።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ አሴቲሊን አየር ሳይኖር ሊፈነዳ ይችላል። ሌሎች የሚነዱ ጋዞች ለመንደድ ኦክስጅን ይሻሉ። አሴቲሊን ግን በግፊት ሲታመቅ፣ ሙቀት ወይም ድንገተኛ ምት ቢያገኘው ራሱ ወደ ካርቦንና ወደ ሃይድሮጅን ይፈርሳል፤ በዚህም የተቀበረው ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። በመሆኑም በጎማ ቱቦና በማምረቻ በርሜል ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በላይ ከ1 ባር፣ ማለትም በካሬ ኢንች ከ15 ፓውንድ እንዳይበልጥ የሙያው ሕግ ያዛል።

ሁለተኛ፣ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ የሚነድበት ወሰን እጅግ ሰፊ ነው። ሜቴን በአየር ውስጥ የሚነደው መጠኑ ከ5 እስከ 15 በመቶ፣ ፕሮፔን ከ2 እስከ 10 በመቶ ገደማ ሲሆን ብቻ ነው። አሴቲሊን ግን ከ2.5 በመቶ ጀምሮ እስከ 80 በመቶና ከዚያም በላይ ይነዳል። የሚለኩሰውም ኃይል እጅግ አነስተኛ ነው። ፕሮፔንን ለመለኮስ ከሚያስፈልገው ብልጭታ አንድ ዐሥረኛ የማይሞላ ለአሴቲሊን ይበቃዋል። የሹራብ ብልጭታ፣ የመብራት ማብሪያ፣ የመፍጫ ድንጋይ ፍንጣቂ ሁሉ በቂ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመዳብና ከብር ጋር ተዋሕዶ ሲደርቅ በመነካት ብቻ የሚፈነዳ ውሕድ ይፈጥራል። የተቀደደ ቱቦ ለመቀጠል በእጅ የተገኘች የመዳብ ቧንቧ እጅግ ምቹ ትመስላለች፤ ዳሩ ግን እርስዋ የተደበቀች ፈንጂ ናት። መያዣው ሁሉ የብረት፣ ወይም የመዳቡ ድርሻ ከ65 በመቶ የማይበልጥ ነሐስ መሆን ይገባዋል።

፭. በርሜሉና የአዲስ አበባ ከፍታ

የካርባይድና የውኃ መዋሐድ በራሱ ሙቀት ይሰጣል። ከ1 ኪሎ ንጹሕ ካርባይድ ወደ 2,000 ኪሎጁል ያህል ይወጣል። ይህ ሙቀት 6 ሊትር ተኩል የሚሆን ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ አዲስ አበባ ላይ ውኃ እስከሚፈላበት እስከ 92 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ስለዚህ ለ1 ኪሎ ካርባይድ ቢያንስ 8 ሊትር ውኃ ሊኖር ይገባል። ውኃ በቆጠበ ቁጥር በርሜሉ ይግላል፤ ጋዙ ከእንፋሎት ጋር ይወጣል፤ በደረቀው ካርባይድ አጠገብም ሙቀቱ እስከ አደገኛ ደረጃ ይደርሳል። አሴቲሊን ከአየር ጋር ሲሆን በ305 ዲግሪ ገደማ ያለ ክብሪት ይለኮሳልና። በዚሁ ምክንያት ጥቂት ካርባይድ በብዙ ውኃ ላይ መጨመር፣ ጥቂት ውኃ በብዙ ካርባይድ ላይ ከማፍሰስ ይመረጣል።

አሁን ደግሞ የቦታውን ነገር እንመልከት። የማምረቻ ዕቃ መጠንና የጋዝ ሰንጠረዥ የሚገኝባቸው መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በ20 ዲግሪ 1 ኪሎ ንጹሕ ካርባይድ በባሕር ዳርቻ ወደ 375 ሊትር ጋዝ ሲሰጥ በአዲስ አበባ ወደ 500 ሊትር ይሰጣል። የጋዙ ክብደት አንድ ነው፤ የሚይዘው ቦታ ግን በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ስለዚህ የመጽሐፉን ልክ ተከትሎ የተሠራ የጋዝ ማጠራቀሚያ እዚህ ይጠባል፤ ትርፉም ጋዝ ወደ ቤቱ ውስጥ ይወጣል፤ መውጫ ካጣም ግፊት ይሆናል።

ወደ ቤቱ የወጣው ጋዝ ምን ያህል ያሰጋል? ወርዱ 3፣ ርዝመቱ 4፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል የሆነ ሱቅ እንውሰድ። የሚይዘው አየር 30 ሜትር ኩብ ነው። የዚህ 2.5 በመቶ 750 ሊትር ይሆናል። ንጽሕናው 80 በመቶ ከሆነ የገበያ ካርባይድ፣ በአዲስ አበባ ከ1 ኪሎ ወደ 400 ሊትር ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ 2 ኪሎ የማይሞላ ካርባይድ ያለ ሥራ ጋዝ ሆኖ ቢባክን ቤቱን በሙሉ ወደሚፈነዳ ቅልቅል ሊለውጠው ይችላል። ጋዙ በጣሪያው ሥር ብቻ ከተከማቸ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰው ይበቃል። ማታ ሥራ ሲያበቃ በበርሜሉ ውስጥ ሳይዋሐድ የቀረው ካርባይድ ሌሊቱን ሙሉ ጋዝ መስጠቱን ይቀጥላል። ጧት በሩን ከፍቶ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው የሚያገኘው የማታውን ትራፊ ነው።

ሌላው አደጋ ነበልባሉ በቱቦው ተመልሶ ወደ በርሜሉ መግባቱ ነው። የአፍንጫው ቀዳዳ ሲደፈን፣ ወይም የኦክስጅኑ ግፊት ከጋዙ በልጦ ወደ ጋዙ ቱቦ ሲገባ፣ እሳቱ ወደ ኋላ ይሮጣል። ይህን የሚያቆመው በበርሜሉና በቱቦው መካከል የሚደረግ የውኃ መዝጊያ ነው፤ ጋዙ በውኃ ውስጥ እየተንተከተከ ያልፋል፤ እሳቱ ግን ውኃውን ማለፍ አይችልም። ዕቃው ቀላል ነው፤ ለሚሠራውም ሰው ከአንድ ቀን ሥራ አያልፍም። ዳሩ ግን መዝጊያው ውኃው ሲያንስበት ከንቱ ነውና በየጧቱ መታየት አለበት።

፮. ባዶ በርሜል ባዶ አይደለም

በምናለሽ ተራ ከሚሠሩት ሥራዎች ሁሉ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ያገለገለ በርሜልን መቁረጥ ነው። እዚህ ላይ አደጋው ከአሴቲሊኑ ሳይሆን ከበርሜሉ ይመጣል። ነዳጅ የሞላው በርሜል ውስጥ አየር ስለሌለ በቀላሉ አይፈነዳም። የሚፈነዳው «ባዶ» የተባለው ነው። የቤንዚን ተን በአየር ውስጥ 1.4 በመቶ ሲሆን መንደድ ይጀምራል። 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ውስጥ ይህን ለማድረስ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ቤንዚን በቂ ነው። ያህሉ ደግሞ በበርሜሉ ጠርዝ እጥፋት ውስጥ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ከባዱ ዘይትና ቀለም ብቻውን በቀዝቃዛ ጊዜ ተን ባይሰጥም ነበልባሉ ሲያግለው ይሰጣል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ክዳኖቹን ሁሉ ከፍቶ በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ፤ ከዚያም መቁረጫው ከሚያልፍበት መሥመር በታች እስካለው ድረስ በውኃ መሙላት፤ የቀረውም ክፍት ቦታ መተንፈሻ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ስሱን በርሜል ያለ እሳት፣ በመሮና በመዶሻ መክፈት ነው። አባቶች የሠሩበት ይህ ዘዴ ከነበልባል ቢዘገይም ሰው አይገድልም።

፯. ስለ ነበልባሉ

አሴቲሊን ከኦክስጅን ጋር ሲነድ የነበልባሉ ልብ ከ3,100 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ፕሮፔን በኦክስጅን 2,800 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ነው። እኩል መጠን ካላቸው ጋዞች ፕሮፔን የሚሰጠው ጠቅላላ ሙቀት ከአሴቲሊን ይበልጣል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ተበትኖ ይወጣል። አሴቲሊን ግን በነጩ የነበልባል ጫፍ ላይ አከማችቶ ይሰጣል። የበያጁ ምርጫ ሳይንስ የሚደግፈው ምርጫ ነው።

በዚህ ረገድ በያጁ ከኬሚስቱ የሚማረውን ያህል ኬሚስቱም ከበያጁ ይማራል። ልምድ ያለው በያጅ የነበልባሉን ቀለምና ድምፅ አይቶና ሰምቶ የጋዞቹን ምጥጥን ያስተካክላል። ላባ መሳይ ጭራ ያለው ነበልባል ጋዝ የበዛበት ነው፤ ብረቱን ካርቦን ያጠጣዋል። አጭርና የሚያፏጭ ነበልባል ኦክስጅን የበዛበት ነው፤ ብረቱን ያቃጥለዋል። ነጩ ልብ ጥርት ብሎ የተከረከመው ግን ትክክለኛው ነው። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ በስሌት የሚገኝ ነው፤ በመርካቶ ግን በዐይን ይገኛል። ዐይን የማያየው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በነበልባሉ ልብ አሴቲሊኑ መጀመሪያ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ወደ ሃይድሮጅን ይለወጣል፤ እነዚህም ቃጠሏቸውን የሚጨርሱት ከአካባቢው አየር ኦክስጅን ወስደው ነው። በተዘጋ ቤት፣ ያውም አየሩ በሳሳበት ከተማ፣ ይህ ኦክስጅን ለሠራተኛውም ለነበልባሉም አይበቃም።

፰. እሳት ሲነሣ

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት አወደመ። የእሳት አደጋ መኪኖች በመተላለፊያው ጥበት ምክንያት በቀላሉ መግባት እንዳልቻሉ በወቅቱ ተገልጿል። ይህ እዚህ የሚጠቀሰው ስለ ቃጠሎው መነሻ ለመናገር አይደለም፤ በመርካቶ አንድ ሱቅ ለብቻው እንደማይቃጠል ለማስታወስ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ቃጠሎ መካከል ካርባይድ የተከማቸበት ሱቅ ቢኖርስ? እሳቱን ለማጥፋት የሚረጨው ውኃ ካርባይዱን ሲያገኘው አዲስ ጋዝ ይወልዳል፤ አጥፊው ራሱ አቀጣጣይ ይሆናል። ለካርባይድ እሳት የሚበጀው ደረቅ አሸዋ ወይም ደረቅ ዱቄት እንጂ ውኃ አይደለም። ስለሆነም ካርባይድ ያለበት ቤት በበሩ ላይ «ካርባይድ አለ፤ ውኃ አትርጩ» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ሊለጠፍበት ይገባል። ጣሳውም ውኃ እንዳያስገባ ተከድኖ ከወለል ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ በክረምት የሚያፈስ ጣሪያና ጎርፍ የገባበት ወለል ከክብሪት እኩል ናቸውና። በእሳት የጋለ የአሴቲሊን ሲሊንደር ደግሞ እሳቱ ከጠፋም በኋላ በውስጡ መፍረሱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ማንም ሳይቀርበው ከሩቅ ለረዥም ጊዜ በውኃ መቀዝቀዝ አለበት።

ከበርሜሉ የሚወጣው ነጭ ጭቃ ኖራ ነው። ከ1 ኪሎ ንጹሕ ካርባይድ ከ1 ኪሎ በላይ ደረቅ ኖራ ይተርፋል። ዐይንንና ቆዳን ያቃጥላል፤ ወደ ቦይ ቢደፋ ቦዩን ይደፍናል፤ ያልጨረሰ ካርባይድ ካለበትም በቦዩ ውስጥ ጋዝ ይሰጣል። በክፍት ስፍራ ቆይቶ ጋዙን ሲጨርስ ግን ግድግዳ ለመለሰን ያገለግላል። ምናለሽ ተራ ምንም ነገር የማይጣልበት ስፍራ በመሆኑ ይህም እንዲሁ ሊባክን አይገባውም።

፱. የባለሙያው ድርሻ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ሆኖም በራሱ በርሜል፣ በራሱ ካርባይድ፣ በተከራየው ጠባብ ሱቅ ለሚሠራ ሰው አሠሪው ራሱ ነው። ለእርሱ ሕጉ የሚደርሰው ዕውቀቱ ሲደርሰው ብቻ ነው። ዕውቀቱንም የማድረስ ዕዳ ያለበት የተማረው ክፍል ነው።

ይህ ዕዳ የሚከፈለው «ካርባይድ አትጠቀሙ» በማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ምክር ለሰጪው ቀላል፣ ለተቀባዩ ግን የማይቻል ነው። የሚከፈለው ሊደረጉ የሚችሉትን ጥቂት ነገሮች፣ ከነምክንያታቸው፣ በሠራተኛው ቋንቋ በመንገር ነው። እነርሱም፦ በርሜሉ ከሱቁ ውጭ ወይም በሩ አጠገብ ይሁን፤ ለ1 ኪሎ ካርባይድ 8 ሊትር ውኃ ይኑር፤ የውኃ መዝጊያው በየጧቱ ይታይ፤ ጣሪያው መተንፈሻ ይኑረው፤ መዳብ አይግባ፤ የኦክስጅኑን መክፈቻ ዘይት አይንካው፤ ማታም በርሜሉ በውጭ ተገልብጦ ይታጠብ። ሰባት ነገሮች ናቸው፤ አንዱም ውድ ዕቃ አይጠይቅም።

ከዚህም ሌላ አባላት በየሙያቸው ሊረዱ ይችላሉ። መሐንዲሱ ለአዲስ አበባ ግፊት የተሰላ፣ በምናለሽ ተራ በሚገኝ ቆርቆሮ ሊሠራ የሚችል የበርሜልና የውኃ መዝጊያ ንድፍ ማውጣት ይችላል። ኬሚስቱ በገበያ የሚሸጠውን ካርባይድ ንጽሕና መርምሮ ሊያስታውቅ ይችላል። መምህሩም የሙያ ተማሪውን ለምን እንደሆነ ሊያስረዳው ይችላል፤ ምክንያቱን ያወቀ ወጣት ትእዛዙን ማንም ሳይቆጣጠረው ይፈጽማልና።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ የአሴቲሊን ቀመር ለዚህ አዳራሽ አዲስ አይደለም። ሁሉም በትምህርት ቤት ሳለ ጽፎታል፤ ተፈትኖበታል፤ አልፎበታልም። ያ ቀመር ዛሬም መርካቶ ውስጥ በአንድ በርሜል ዙሪያ በየጧቱ ይፈተናል። ተፈታኙ ግን የጻፈው ሰው አይደለም፤ ያልተነገረው ሰው ነው። ፈተናው ያለ አደጋ ይታለፍ ዘንድ ከዚህ አዳራሽ እስከ ምናለሽ ተራ ያለውን አጭር መንገድ መሄድ የባለሙያው ፈንታ ነው።